የሶስና ቢሮና አርባ ሰባተኛው ገጽ

ትናንትና በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጉደኛ ሕልም አየሁ። ሰው ሕልም የሚያየው ተኝቶ ነው፤ እኔ ግን ሥራ ላይ ነበርኩ። በዚህ ዕድሜዋ ደግሞ ምን ሥራ አላት እንዳትሉኝ። መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወደ ሕልሙ እንሄዳለን። ሐሜት የለበትም። ትንሽ ብቻ ነው ያለበት።

የልጅ ልጄ ሶስና እዚህ ናዝሬት፣ ልጆቹ አዳማ በሚሉት፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የማማከር ቢሮ ከፍታለች። በዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት ነው የተማረችው። ሱቅ የከፈተ፣ ጁስ ቤት የከፈተ፣ ፀጉር ቤት የከፈተ ሰው ይመጣና "ሥራዬ አልንቀሳቀስ አለኝ" ይላታል፤ እሷ ደግሞ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ "እንዲህ አድርግ" ትለዋለች። ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ስድስት ወር ሆነ፣ የመጣ የለም። አንድ ሰው መጥቶ ነበር፣ ሽንት ቤት የት እንደሆነ ጠይቆ ሄደ።

"ልጄ፣ ምክር በእኛ አገር ተሸጦ ያውቃል ወይ?" አልኳት አንድ ቀን። "ባጃጅ ስትሳፈሪ ሹፌሩ ስለ ጋብቻሽ ይመክርሻል። ሽንኩርት ስትገዢ ሻጯ ስለ ጨጓራሽ ትመክርሻለች። በነጻ! ያውም ሳትጠይቂ!"

"እማዬ፣ ጊዜው የኢንተርኔት ነው" አለችኝ። "ብሎግ እጽፋለሁ። ሰው ያነበዋል፣ አንብቦ ያምነኛል፣ አምኖኝ ይመጣል።"

ብሎግ የሚሉት ምን መሰላችሁ፣ ለማታውቁት ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ትጽፋለች። ስንት ሰው እንዳየው ደግሞ ከታች ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ አንድ ነው። አንዷ እኔ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ብቆጥርም እሷ የምትጽፈው አይገባኝም። ብቻ ጠዋት ጠዋት ስልኬን ከፍቼ ነካ አደርግላታለሁ፣ ባዶ ከሚሆንባት ብዬ።

እና ሥራዬ ምንድን ነው? ደንበኛ መምሰል። ባዶ ቤት ሰው አይገባም፤ ገበያ ላይ እንኳ ሰው የሚከበው ሰው የከበበውን ነው። ስለዚህ በየቀኑ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ ደረጃውን እወጣና፣ ፋይል ታቅፌ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ደንበኛ ሆንኩ። ደከመኝ። ለካ መቀመጥም ያደክማል።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፣ እንዳትታዘቡኝ። በሰፈራችን ወሬ የሚነሣው ከእኔ አፍ ነው። ማን አረገዘች፣ ማን ከማን ተጣላ፣ የማን ልጅ አምሽቶ ገባ፣ ጠዋት እኔ ካላወጣሁት ከሰዓት አይሰማም። የሶስናን ቢሮ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የራስን ልጅ አውርተው አውርተው ለሰው ዓይን አይሰጧትም። "ሶስና ምን ትሠራለች?" ሲሉኝ፣ "ምን ትሠራለች፣ እንዲያው ወጣ ገባ ትላለች" እላለሁ። "አንቺስ በየቀኑ ወዴት ነው?" ሲሉኝ፣ "ወገቤን ልታሽ" እላለሁ። ጎረቤቴ ጥሩወርቅ ይህቺን ይዛ፣ በለጥሻቸው፣ እኔን ማለቷ ነው፣ ልትሞት ነው፣ አከርካሪዋ ተበልቶ አልቋል ብላ ለዕድሩ ነገረች። የዕድሩ ዳኛ መንገድ ላይ አገኘኝና በሐዘን ዓይን አይቶኝ፣ "አይዞዎት እማማ፣ ድንኳኑ አዲስ ነው" አለኝ።

እንግዲህ ትናንት ረቡዕ ነበር። ዓርብ ሶስና የቢሮውን ቁልፍ ትመልሳለች። እስከዚያ አንድ ሰው እንኳ ካልመጣ ዱባይ ልትሄድ ነው። ጓደኛዋ እዚያ ሰው ቤት ሥራ አግኝታላታለች። ፓስፖርቷም ወጥቷል፤ እስክሪብቶ ስፈልግ አየሁት። እስክሪብቶ አልፈልግም ነበር፣ ግን አየሁት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እሷ ከእኔ ሌላ የላት፣ እኔም ከእሷ ሌላ የለኝ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ የሰው ቤት ልትወለውል ነው እያልኩ አስባለሁ፤ የናዝሬት ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፋይሉን እንደታቀፍኩ ዓይኔ ተከደነ።

በሕልሜም ያው ቢሮ ነው። ብቻ ጣራው ከእግሬ ሥር ሆኗል፣ ወለሉ ከራሴ በላይ። አምፖሉ እንደ ጎመን ከመሬት በቅሏል። እኔም አልገረመኝም። "እንዳልረግጠው" ብዬ ዞር አልኩ።

በሩ ተንኳኳ። ሃያ አራት ሆነው ገቡ። ኮት ለብሰዋል፣ ግን ኮቱ ሰፍቷቸዋል። ፊታቸው ላይ አፍንጫ በሚሆንበት ቦታ ፊደል ነው ያለው። ሰዎች ናቸው ብዬ ልነሣላቸው ስል ሰዎች አይደሉም፣ የሶስና ጽሑፎች ናቸው። ከፊት ያለው ከዘራ ይዟል።

"እንደምን ዋሉ፣ እማማ በለጥሻቸው" አለኝ። "እኔ የኅዳሩ ነኝ። 'ደንበኛ ለመሳብ አምስት ዘዴዎች' ይሉኛል።"

"ምነው እንዲህ ከሳህ?"

"የሚያነብ ጠፍቶ ነዋ። እኛ የምንበላው ዓይን ነው። በቀን አንድ ዓይን ለሃያ አራት ሰው ይበቃል?"

"ሁለት ዓይን አለኝ እኮ!" አልኩት ተቆጥቼ።

"አንደኛው ሞራ አለበት፣ እማማ። አያጠግብም።"

ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ። አንዲት ቀጭን፣ የጥር ጽሑፍ ነኝ ያለችኝ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች።

"አንተ አምስት ዘዴ ነህ" አልኩት የኅዳሩን። "ከአምስቱ አንዱ ለራስህ አይሆንህም?"

"እኔ የተጻፍኩት ለሌላ ሰው ነው" አለኝ። አንጀቴን በላው።

"ለመሆኑ የት ነው የምትኖሩት?"

"አርባ ሰባተኛው ገጽ ላይ።"

ይህንን ሶስና አስረድታኝ ነበር። ሰው ስልኩ ላይ "ማማከር" ብሎ ሲፈልግ የሚመጣለት ዝርዝር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ብቻ ያያል፤ ሁለተኛውን የሚያይ ሥራ የፈታ ነው፤ እኛ አርባ ሰባተኛው ላይ ነን። እኔ በጨዋነት "ደህና ነው፣ ከአርባ ስምንተኛው ይሻላል" ብያት ነበር።

"ሶስናስ የት አለች?" አልኩት።

"እዚያው ናት። እኛን ታስታምማለች።"

"እንሂድ" አልኩና ብድግ አልኩ። ሳልራመድ ደረስኩ።

አርባ ሰባተኛው ገጽ መናኸሪያ ጀርባ ያለውን ሜዳ ይመስላል። አቧራ ነው፣ ነፋስ ግን የለም። አቧራው በራሱ ፈቃድ ይነሣል፣ ሲሰለቸው ይቀመጣል። ሰዎች በየድንጋዩ ላይ ምልክታቸውን ሰቅለው ተቀምጠዋል። አንዱ ለዶሮ ጥርስ ይነቅላል። አንዷ ጥላ ታከራያለች፤ የዣንጥላ አይደለም፣ የራሷን ጥላ። አንዱ ደግሞ ምንም አይሠራም፣ ምልክቱ ላይ ግን "ሁለተኛ ቅርንጫፍ የለንም" ይላል።

ሶስናን አየኋት። ፊቷ አቧራ ለብሷል። አንዱን ጽሑፍ ጭኗ ላይ አስተኝታ በማንኪያ ታበላዋለች። ማንኪያው ውስጥ ምንም የለም።

"እማዬ! ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ልወስድሽ ነዋ።"

"ተሳስተሽ ነው የመጣሽው አይደል? እዚህ የሚመጣ ሁሉ ተሳስቶ ነው።"

"ሽንት ቤት ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት" አልኳት። "ተነሺ፣ ገጽ አንድ እንሂድ።"

ጥላ የምታከራየዋ ሴትዮ ሰማችንና ሳቀች። "ገጽ አንድ! ሽማግሌ ሳይልኩ ማን ያስገባቸዋል? እኔ ሦስት ጊዜ ልኬ ሦስት ጊዜ ተመልሰውብኛል።"

"ሽማግሌ ከየት ይገኛል?" አልኳት።

"እነዚያው!" ብላ በአገጯ አሳየችኝ።

ዞር ስል ሦስት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጥርስ ገና አላወጡም። ትልቁ ሰባት ወር ቢሆነው ነው። ከዘራውን እያኘከ ነው፣ ምራቁ ጋቢው ላይ ይንጠባጠባል። ከጀርባቸው ሰማንያ የሞላቸው አዛውንቶች ብይ ይጫወታሉ፣ ይንጫጫሉ።

"ልጆች፣ ዝም በሉ! ትልቅ ሰው ያወራል!" አላቸው የሰባት ወሩ። አዛውንቶቹ ደንግጠው ብያቸውን ሰበሰቡ።

ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። "አባቶቼ፣ ልጄን አማልዱልኝ።"

"እናማልዳለን" አሉኝ። "ብቻ ዳዴ ስንል ጉልበታችንን ይቆረቁረናል፣ ተሸከሙን።"

እኔ አንዱን አዘልኩ፣ ሶስና ሁለቱን አቀፈች፣ መንገድ ጀመርን።

ወደ ገጽ አንድ ለመውጣት ወደ ታች ነው የሚወረደው። ወረድን፣ ወረድን፣ ስወርድ ደግሞ ዳገት እንደወጣ ሰው ትንፋሽ አጠረኝ። መንገዱ ላይ ሁለት ጎረምሶች ባጃጅ ተሸክመው ሲሮጡ አለፉን። ባጃጁ "ወራጅ አለ!" ይላል። እነሱ አይሰሙትም።

ከዚያ የበዓል ገበያ መካከል ገባን። በጎች ናቸው ገበያተኞቹ። ሰዎች በገመድ ታስረው ቆመዋል፤ በጎቹ የሰዎቹን ጀርባ በሰኮናቸው ዳበስ ዳበስ እያደረጉ ያልፋሉ።

"ይኼ ቆዳና አጥንት ነው" ይላል አንዱ በግ። "ዘንድሮ ሰው ተወዷል።"

አንድ ቀንዳም በግ የእኔንም ወገብ ዳሰሰኝ። ለሚስቱ ዞሮ፣ "ይቺ አርጅታለች፣ ለሾርባ ካልሆነች" አላት።

"ሾርባ ያድርግህ!" አልኩት። "በፋሲካ እንገናኛለን!"

በጉ መንገዱን ቀጠለ። ሚስቱ ግን "ምን አለችህ? ከዚህች ጋር ትተዋወቃላችሁ እንዴ?" እያለች ስትነዘንዘው ሰማሁ። ቆሜ መጨረሻውን ብሰማ ደስ ባለኝ፤ ሶስና እጄን ጎተተችኝ።

"እማዬ፣ ዓርብ ይደርሳል እኮ።"

እውነቷን ነው። ሰማዩ ላይ ዓርብ ይታያል። ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ጠቁሮ ወደ እኛ ይጓዛል።

በሩ ጋ ደረስን። በሩ ላይ አንዲት በቅሎ መነጽር አድርጋ፣ ማኅተም ጨብጣ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹን መሬት ላይ አወረድናቸው።

"ተቀመጡ" አለች በቅሎዋ።

"ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አለ የሰባት ወሩ። ደንቡም ይኸው ነው፣ ሽማግሌ የመጣበት ሳይሰማለት አይቀመጥም። ብቻ ሽማግሌዎቻችን መቆም ገና አልተማሩም። ስለዚህ እኔ አንዱን በብብቱ ይዤ አቆምኩት፣ ሶስና ሁለቱን በሁለት እጇ አቆመች። እግራቸው እንደ ቅቤ ይቀልጣል።

"የመጣነው" አለ የሰባት ወሩ፣ "ልጃችን ሶስናን ገጽ አንድ ላይ እንድታኖሩልን ነው። የተማረች ናት። ጨዋ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ትጽፋለች።"

"ዘሯን ቁጠሩ" አለች በቅሎዋ።

ጉድ ነው! አባትሽ ማን ነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው የምትል በቅሎ የሰው ዘር ልታስቆጥር ተቀመጠች። ይህንኑ ልላት ምላሴ ላይ መጣ። ሶስና በክርኗ ጎኔን ነካችኝ።

"ለጋብቻ ሰባት ቤት የምትቆጥሩት ዝምድና እንዳይገኝ ነው" አለች በቅሎዋ መነጽሯን ገፋ አድርጋ። "እዚህ የምንቆጥረው ዝምድና እንዲገኝ ነው። ልጅቷን በአፉ የሚያነሣት ማን ነው? እሱንስ የሚያነሣው ማን ነው? እስከ ሰባት ድረስ ጥሩልኝ። የማይወራለት ሰው ገጽ አንድ ላይ አይኖርም።"

የሰባት ወሩ ከዘራውን ከአፉ አወጣ። "ሶስናን የሚያነሣት..." አለ። "ሶስናን የሚያነሣት..." አለና አውራ ጣቱን ጎረሰ። ሌሎቹ ሁለቱም ጣታቸውን ጎረሱ።

በቅሎዋ ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎ አያቷ ነዎት?"

"ነኝ።"

"ይህቺን ልጅ ለስንት ሰው አንሥተዋታል?"

"ለማንም" አልኳት። "ዓይን እፈራለሁ።"

"ጥሩወርቅንስ?"

"እ... አልፎ አልፎ።"

በቅሎዋ ትልቅ መዝገብ ገለጠች። "ሃያ ሁለት ዓመት" ብላ አነበበች። "በቀን አራት ጊዜ። በበዓል ቀን ዘጠኝ።"

ከኋላዋ የነበረው መጋረጃ ተገለጠ። ገጽ አንድ ወለል ብሎ ታየኝ። ምንጣፍ ነው፣ ሶፋ ነው፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል። ሶፋው ላይ ማን ተጋድማለች? ጥሩወርቅ! ፊደል የማትለየው፣ ስልክ ስታወራ ገልብጣ የምትይዘው ጥሩወርቅ። ከፊቷ ሰው ዓይን እስከሚደርስበት ተሰልፏል።

"በርበሬ ስጪን!" ይላሉ። "ሸክላ ያለበትን! ስለሱ ብዙ ሰምተናል!"

በምትሸጠው በርበሬ ሸክላ ትቀላቅላለች ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። ለሁለት ሰው ብቻ ነበር የነገርኩት። ለሦስት።

"እንዴት ነሽ፣ በለጥሻቸው!" አለችኝ ከሶፋው ላይ ሳትነሣ። "አንቺ ባትኖሪ እኔን ማን ያውቀኝ ነበር? ወገብሽስ ተሻለሽ?"

ሶስና ወደ እኔ ዞረች። ብቻ አየችኝ። ስድስት ወር ሙሉ አብሬያት ስቀመጥ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ደካከመኝ። ሰው በሕልሙ እንኳ እንዲህ ይደክማል?

"አልረፈደም" አለች በቅሎዋ፣ ለእኔ አዝና። "አሁን አንድ ነገር ስለ ልጅቷ ይናገሩ። ጮክ ብለው። አንድ ቢሆን ይበቃል፣ ማኅተሙን እመታለሁ።"

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሶስና ጎበዝ ናት፣ ቢሮ ከፍታለች ልል ነው። አፌን ከፈትኩ።

"ጥሩወርቅ ፀጉሯን የምታጠቁረው በጫማ ቀለም ነው!"

አፌን በእጄ ያዝኩት። የጥሩወርቅ ሶፋ አንድ ክንድ ከፍ አለ። ሶስና ደግሞ አነሰች። ትከሻዬ ጋ ትደርስ የነበረችው ወገቤ ጋ ደረሰች።

"እማዬ!" አለችኝ።

"ቆይ ልጄ፣ ቆይ፣ አፌ ነው፣ እኔ አይደለሁም።" ምራቄን ዋጥኩ። ቀስ ብዬ፣ እንደ ማር ላጣፍጠው ሞከርኩ። "የልጅ ልጄ..." አልኩ። "የልጅ ልጄ ትናንት ከሠርግ ቤት... ጥሩወርቅ ከሠርግ ቤት ጥብስ በቦርሳዋ ይዛ ወጥታለች! ከነድስቱ!"

ሰልፈኛው አጨበጨበ። ሶፋው ጣራ ነካ። ሶስና ጉልበቴ ጋ ደረሰች።

"ይበቃኛል እትዬ፣ ሌላውን ለነገ አቆዪልኝ!" አለች ጥሩወርቅ ከላይ።

"እማማ" አለ የሰባት ወሩ ሽማግሌ፣ "ብብታችንን አመመን። አሁን እንቀመጥ?"

የማስቀምጥበት ፋታ አጣሁ። ዓርብ ከበላያችን ደርሷል፣ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ አፌን እዘጋለሁ ስል ይከፈታል። ስለ ጥሩወርቅ ባል ተናገርኩ፤ ለሚስቱ የነፈጋትን የእግዜር ሰላምታ ለቴሌቪዥን ዜና አንባቢዋ እንደሚሰጥ። ስለ ጥሩወርቅ አማች ሰው ሠራሽ ጥርስ ተናገርኩ። አዲስ ነገር ሲያልቅብኝ የድሮውን ደገምኩ። በእያንዳንዱ ቃል ሶስና ታንሳለች። ቁርጭምጭሚቴ ጋ ስትደርስ ሽማግሌዬን ለቅቄ ጎንበስ አልኩና መዳፌ ላይ አወጣኋት። ባቄላ ታክላለች። ጀርባዋ ላይ ፓስፖርቷን እንደ ኤሊ አዝላዋለች።

"እማዬ" አለችኝ። ድምጿ የትንኝ ነው። ወደ ጆሮዬ አስጠጋኋት። "ሌላ ምንም አትበይ። ስሜን ብቻ ጥሪው።"

ስም መጥራት ምን ያቅታል? እኔ ያወጣሁላት ስም ነው፣ በክርስትናዋ ቀን። አፌን ከፈትኩ።

"ሶ..." አልኩ። "ሶ... ሶ..."

በቅሎዋ ማኅተሙን አንሥታ ትጠብቃለች። ሰልፈኛው ወደ እኔ ዞሯል። ጥሩወርቅ እንኳ ከላይ ሆና አንገቷን አስግጋለች።

"ሶ..."

"እማዬ! እማዬ! ኧረ ተነሺ፣ ሰው መጥቷል!"

ዓይኔን ስገልጥ ጣራው ከላይ ነው፣ ወለሉ ከታች። ሶስና ሙሉ ቁመቷን ቆማ ትከሻዬን ትነቀንቃለች። በሩ ላይ ኮት የለበሰ ሰውዬ የደረጃውን ላብ በመሐረብ ይጠርጋል። አርባ ዓመት ይሆነዋል።

"ብሎግዎን ዛሬ ጠዋት አንብቤ ነው የመጣሁት" አላት። "ሃያ አራቱንም።"

ደንበኛ መስዬ መቀመጤን ረሳሁት። "የልጅ ልጄ ናት!" ብዬ ብድግ አልኩ። "ስሟ ሶስና ነው! በናዝሬት እንደ እሷ ያለ መካሪ የለም! ዓይን ከበላትም ይብላት!"

"እግዜር ያኑርልዎት" አለኝ ሰውዬው ደንግጦ። ሶስና ገላመጠችኝ። ግን ጥርሷ ታየ።

ሰውዬው ተቀመጠ። እንደተቀመጠ አንገቱን ደፋ። "እውነቱን ልንገርዎትና፣ እኔም የማማከር ቢሮ አለኝ። እዚሁ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። አራት ወር ሆነኝ፣ አንድ ሰው አልገባም። ደንበኛ በምን እንደሚመጣ እንዲነግሩኝ ነው።"

ሶስና እስክሪብቶዋን አነሣች። ስድስት ወር የጠበቀችው ሰው ነው እኮ።

"ጥሩ" አለችው። "እርስዎ የሚያማክሩት ምንድን ነው?"

"ዱባይ ሄደው መሥራት የሚፈልጉ ልጆችን ነው" አላት። "ወረቀቱን፣ አሠሪውን፣ መንገዱን፣ ሁሉንም እጨርሳለሁ። ብቻ የሚመጣ ጠፋ።"

ፓስፖርቷ ትዝ አለኝ። ሶስና አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ሰውዬው ሳብ አደረገችው።

"እንግዲያው" አለችው፣ "ማን ይጀምር?"